ሳጥኑ አልደረሰም

ጉለሌ፣ ነሐሴ 3 ቀን 1969 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ ለሸፊ ታላቅ ወንድም፣ ለጋሼ ሙሐዲን፤ ደሴ።

አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ሰነበቱ? እትዬ ሙኒያስ፣ ልጆቹስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሱቁም ደህና ነው። ስኳር ሲመጣ እሸጣለሁ፣ ሳይመጣ ከዝንብ ጋር እየተያየን እንውላለን።

«ሸፊ በገዛ እጁ የማይጽፍልኝ እኔን ታላቁን ንቆ ነው ወይ?» ማለትዎን የአውቶቡሱ ሾፌር ዱጉማ ነገረኝ። ኧረ አልናቀዎትም። ቀኝ እጁን የባትሪ ውሃ ነክቶት በጨርቅ ተጠቅልሏል። እስኪሽርለት እሱን እየጠየቅኩ እኔ እጽፍልዎታለሁ። የሰባተኛ ክፍል ጽሕፈቴን ይቻሉልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ እንጦጦ ግርጌ ካለው ግቢው ጥሎት የሄደውን ሰው የሚጭን ትንሽ የኤሌክትሪክ ጋሪ ቀበሌያችን ወረሰው። ቤንዚን አይጠጣም፤ መቀመጫው ሥር በተደረደሩ ስድስት ባትሪዎች ነው የሚሄደው። እርስዎ በድሮ ሥራዎ የሚያውቁት ዓይነት መሆኑን ሸፊ ገና ሲያየው ነው የለየው። ሊቀመንበራችን ጓድ ይገዙ ደግሞ ቤንዚን በጠፋበት ጊዜ ይህን ማግኘቱ በጣም ደስ አሰኝቶት፣ «ድምፅ ማጉያና የፊት መብራት ይገጠምለት፣ ለመስከረም ሁለት ሰልፍ ይወጣል» ብሎ ሸፊን አዘዘ።

ሸፊ እንደሚያውቁት የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ሁሉ ነገር በአሥራ ሁለት ቮልት ነው የሚታየው። አንዱ ባትሪ ስድስት ቮልት ስለሆነ ከፊት ያሉትን ሁለቱን ይዞ ማጉያውንም መብራቱንም እነሱ ላይ ቀጠለ። ለጊዜው እንደ ጉድ ሠራ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ግን ጓድ ይገዙ ሸጎሌ ዳገት ላይ ሕዝብ ሰብስቦ ሲናገር መጀመሪያ ድምፁ ጠፋ፣ ቀጥሎ ጋሪው ቆመ፣ ከዚያ እሱን እንደያዘ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። ሰው ሳቀ። ምነው ባልሳቀ ኖሮ።

ከዚያ ወዲህ ሸፊ የሚሠራው ቀበሌው ግቢ ነው። ሥራው ስለበዛ እዚያው ያድራል። እባክዎ ቶሎ ይመልሱልን። ስድስቱም ማታ ማታ ቻርጅ እየተደረጉ ለምን ሁለቱ ብቻ ይደክማሉ? ማጉያውስ ከየት ይብላ? መስከረም ሁለት ደረሰ።

እህትዎ ጀዊሪያ


ደሴ፣ ነሐሴ 9 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጀዊሪያ፣

እኔም ሙኒያም ልጆቹም ደህና ነን። ረመዳን ነገ ይገባል እየተባለ ነው፤ የሰላም ያድርግልን።

ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ ቅርብ ያለውን ማንሳት ይወዳል። ስድስቱ ባትሪዎች አንድ ቃሬዛ የተሸከሙ ስድስት ሰዎች ናቸው በይው። እሱ ከስድስቱ በሁለቱ ትከሻ ላይ ሌላ ኩንታል ጨመረባቸው። ማታ ቻርጅ ሲደረግ ደግሞ ለሁሉም የሚደርሳቸው እኩል ነው። አራቱ ጠግበው ይተርፋቸዋል፣ ሁለቱ ሳይጠግቡ ይነሣሉ። እንዲህ እየከሱ ይሰነብቱና ዳገት የመጣ ቀን ይወድቃሉ። ሁለቱ ሲወድቁ ቃሬዛው ወደቀ።

መድኃኒቱ የሳሙና ካርቶን የምታህል ሳጥን ናት። ከስድስቱም እኩል ትወስድና ለማጉያው አሥራ ሁለቷን ቮልት ብቻ ትሰጠዋለች። አስመራ ከአሜሪካኖቹ ጋር ስሠራ ጎልፍ ሲጫወቱ የሚነዷቸው ጋሪዎች ላይ የምንገጥማት እሷን ነበር። የጦር ሰፈራቸው ሲዘጋ አንዷን ይዤ ወጥቻለሁ። ለዱጉማ ሰጥቼዋለሁ፣ በሚቀጥለው ጉዞው ያመጣልሻል። እሷ አንዴ ከተገጠመች ማንም ደንቆሮ ሊነዳው ይችላል፤ ሸፊም ወደ ቤቱ ይገባል።

እስከዚያው የድሃ ዘዴ አለ። ጠዋት ጠዋት ሽቦውን ከሁለቱ እያነሣ ወደ ቀጣዮቹ ሁለት ያዛውር፣ ሸክሙ እንዲዳረስ። ቀዩም ጥቁሩም አብረው ይነሡ። ማጉያው የጋሪውን ብረት እንዳይነካ ጣውላ ይሠራለትና እዚያ ላይ ይቀመጥ። ይህ ዘዴ የሚያውቅ ሰው ሁልጊዜ አጠገቡ እንዲቆም ይፈልጋል። ሳያውቅ የነካካ ባትሪ ያፈነዳል።

አንድ ነገር አልገባኝም። ምን ዓይነት ሥራ ነው ሰው ቀበሌ የሚያሳድረው? እጁንስ ሐኪም አየው?

ወንድምሽ ሙሐዲን


ጉለሌ፣ ነሐሴ 20 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለጋሼ ሙሐዲን፣

ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? እኛ ደህና ነን። ከሁሉ በፊት አንድ ልመና አለኝ፤ የድሮ መሥሪያ ቤትዎን ስም በደብዳቤ አያንሡብኝ። ኬላው ላይ ፈታሽ አለ፣ ማንበብም ይችላል።

የድሃው ዘዴ ሠርቷል። ሸፊ በየጠዋቱ ሽቦውን ያዛውራል፣ ጋሪው እንደ ሰንጋ ፈረስ ዳገቱን ይወጣል። ጓድ ይገዙ ደስ ብሎታል። እንዳሉት ማጉያው ጣውላ ላይ ተቀምጧል። ጣውላውን የሠራው ጎረቤታችን ቶሎሳ አናጢው ነው። አሳምሮ ሠርቶ ጨረሰ። ሚስቱ ዓለምነሽ ሰሞኑን ሱቄ ውስጥ ትውላለች። ብቻዋን ቤት መዋል አልቻለችም። የእሷን ነገር ሌላ ጊዜ አጫውትዎታለሁ።

የእጁን ነገር ይሻለዋል። ማደሩን ደግሞ ምን ልበልዎት፣ የዘመኑ ሥራ እንዲህ ነው።

ሳጥኑ አልደረሰም። ዱጉማ መንገድ ላይ ጥሎት ይሆናል። አይቆጡት፣ እንደው ባይመጣም እኛ ችለነዋል። ሌላም እንዳይልኩ።

ጀዊሪያ


ደሴ፣ ነሐሴ 27 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለጀዊሪያ፣

ደህና ነሽ ወይ። እኔ ንዴቴ ጾሜን እንዳያፈርስብኝ ነው የምፈራው።

ዱጉማን መናኸሪያ ላይ ያዝሁት። ሳጥኑን ለራስሽ እንዳስረከበሽ ይምላል። «ጀዊሪያ ትዋሻለች ነው የምትለው?» ብለው መሬት መሬት ያያል እንጂ ሌላ አይናገርም። ይህን ያህል ዘመን ያመንሁት ሰው፣ ደብዳቤዬን፣ የሙኒያን በርበሬ፣ የልጆቼን ልብስ ያመላለስሁበት ሰው! ሽማግሌ አስቀምጬበታለሁ። ባለ አውቶቡሱም ሰምቷል፤ የሰው ዕቃ የሚበላ ሾፌር አልፈልግም ብሏል።

አንቺም አትደብቂኝ። ወንድሜ አንድ መስመር አይጽፍልኝም፣ ቤቱ አያድርም፣ አንቺ ደግሞ «ችለነዋል» ትያለሽ። ደህና ደህና የሚበዛበት ደብዳቤ አልወድም። የቀድሞ ባልደረባዬ ዘንድ አንዲት ሌላ ሳጥን አለች። እሷን ይዤ ለዒድ እኔው ራሴ እመጣለሁ። በእጄ ገጥሜላችሁ እመለሳለሁ።

ሙሐዲን


ጉለሌ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 1969 ዓ.ም.

ጋሼ ሙሐዲን፣

ዛሬ ሰላምታ የለኝም፣ ይቅር ይበሉኝ። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልዎት ሌባ ያሉት ሰው ነው። የኮቱ ገበር ውስጥ አስገብቼ እኔው ነኝ የሰፋሁት። አንብበው ያቃጥሉት።

ሳጥኗ እኔ ጋ ናት። ሱቁ ውስጥ፣ ከጨው ጆንያው ሥር ቀብሬያታለሁ። ዱጉማ የበላው ነገር የለም። ለማንም እንዳይናገር ስለለመንኩት ነው ሌባ ተብሎ ዝም ያለው።

ሸፊ ከሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ ታስሯል። ጋሪው ዳገቱ ላይ የቆመ ዕለት «አሻጥር ነው» ብለው ወሰዱት። እጁ ምንም አልሆነም፤ እንዳይጠይቁኝ የፈጠርኩት ነው። እውነቱን ብነግርዎ በማግስቱ እዚህ እንደሚደርሱ አውቃለሁ። ከማን ጋር ይሠሩ እንደነበር ጓድ ይገዙ ቢሰማ ደግሞ ከአንድ እናት ልጆች ሁለቱንም ነው የማጣው። ስለዚህ አይምጡብኝ። በአላህ ይሁንብዎ።

በየቀኑ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ማፍጠሪያውን ይዤ የቀበሌው በር ላይ እሰለፋለሁ። የትናንትናው ሳህን ባዶውን ከተመለሰልኝ በልቷል፣ አለ። «ከእንግዲህ አታምጪ» የተባለች ሴት ግን ለምን ብላ አትጠይቅም።

ቶሎሳም እስረኛ ነበር። ጣውላ ስላስፈለጋቸው እሱንም በየጠዋቱ ከሸፊ ጋር ያወጡት ነበር። ቸንክሮ ጨረሰ። ጓድ ይገዙ በእጁ ነካክቶ «ጎበዝ» አለው። በማግስቱ «ከእንግዲህ አታምጪ» ብለው ለዓለምነሽ የያዘችውን ምግብ መለሱላት። እኔ ከኋላዋ ተራ ይዤ ቆሜ ነበር። ማልቀስ ክልክል ስለሆነ ሱቄ ድረስ ይዣት መጣሁ፣ ጓዳ አስገብቼ በጋቢ ሸፈንኳት። ዱጉማ ሳጥኗን ይዞ የመጣው በዚያው ምሽት ነው።

እርስዎ «አንዴ ከተገጠመች ማንም ደንቆሮ ሊነዳው ይችላል» ብለው ጽፈውልኛል። ያቺን መስመር ስንቴ እንዳነበብኳት አይጠይቁኝ። ማንም ሊነዳው ከቻለ ሸፊ ለምን ያስፈልጋቸዋል? ሽቦ የሚያዛውር ሰው እስከፈለጉ ድረስ ግን ነገም ያወጡታል፣ ከነገ ወዲያም።

ልክ ልሁን ልሳሳት አላውቅም። ምናልባት ሳጥኗ ብትገጠም ደስ ብሏቸው ይፈቱት ይሆን? ይህ ሐሳብ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ከእሱ ጋር ልመካከር እንኳ አልችልም፤ አልፎ አልፎ ለጋሪው ጉዳይ ብለው ሲያገናኙን ጠባቂው አጠገባችን ቆሞ ስለ ጋሪው ብቻ እንድናወራ ነው የተፈቀደልን። ባልና ሚስት ቆመን ስለ ባትሪ እናወራለን። «የኋለኛው ውሃ ጠምቶታል» ሲለኝ ውሃ በኮዳ ይዤ እመጣለሁ። «ዛሬ ሦስተኛው ደክሞታል» ሲለኝ ያመመው እሱ ይመስለኛል። አንድ ቀን እንደ ዋዛ «ሳጥን የሚባል ነገር አለ ብለው ጋሼ ጽፈው ነበር፣ ግን አልደረሰም» አልኩት። ብዙ አየኝ። «ባይደርስም ይሻላል» አለኝ።

ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ እናድርግ። ሳጥኑ አልደረሰም ብዬ ከጻፍኩ ሸፊ አለ፣ እዚያው ነው ማለት ነው። ሳጥኑ ደርሷል ያልኩ ዕለት ቤቱ ገብቷል። ስለ ሳጥኑ ምንም ካላነሣሁ ግን አይጠይቁኝ። ሰው ልኬ መርዶውን በወጉ አስረዳለሁ።

ጀዊሪያ


ደሴ፣ መስከረም 7 ቀን 1970 ዓ.ም.

እህት ዓለም ጀዊሪያ፣

ዒድ ሙባረክ ለማለት እጄ አልታዘዝ አለኝ። ይህም በዱጉማ ኮት ነው የሚመጣልሽ። ከእንግዲህ ግን በዚህ መንገድ አንችልም፤ ኬላው ላይ ገበር መተርተር ጀምረዋል ብሎኛል።

ሽማግሌዎቹን ሰብስቤ «ሳጥኑን ልኬዋለሁ ያልሁት ተሳስቼ ነው፣ ለካ አልጋዬ ሥር ኖሯል» አልኋቸው። ሙሐዲን ጃጀ ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ። የዱጉማን ጉልበት ስሜያለሁ። እሱ «ኧረ ይነሡ» እያለ ያለቅስ ነበር።

ያደረግሽውን ልክ አይደለም የምል ሰው አይደለሁም። ሳጥኗን ግን ከጨው ሥር አውጫት፤ ጨው ብረት ይበላል። ምስር ውስጥ ትሁን።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ባልነግርሽ በወደድሁ። ሽቦ ማዛወር የባትሪ ዕድሜ ያራዝማል እንጂ አያድንም። አሮጌ ናቸው። ከጥር የሚያልፉ አይመስለኝም። ሸፊ ሽቦውን ሲያዛውር ጀርባውን ለሰው ይስጥ፣ የትኛውን ቀድሞ እንደሚፈታ ማንም አይይ። አልመጣም፣ ቃሌ ነው። እዚህ ቁጭ ብዬ እጄን አጣጥፌ መጠበቅ ግን ከእስር አይሻልም።

ሙሐዲን


ጉለሌ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለጋሼ ሙሐዲን፣

እንደምን አሉ? ቁር ገባ፣ እንጦጦ ጠዋት ጠዋት ጉም ለብሳለች። እኛ ደህና ነን።

የሰልፉን ነገር ልንገርዎት፣ አምሮ አለፈ። ጋሪው መብራቱን አብርቶ፣ ማጉያው እየጮኸ ከፊት ሄደ። ሸፊ ከኋላ ጣውላው ላይ እጁን ሽቦው ላይ አድርጎ ተቀምጦ ነበር። ከሰዉ መሐል አየሁት። ከስቷል፣ ጢሙ አድጓል። እሱም ያየኝ መሰለኝ።

አሁን አዲስ ነገር ዓምሃ የሚባለው የአብዮት ጥበቃ ነው። ትጉ ሰው ነው። ሸፊ ሽቦ ሲያዛውር በዚህ ሲዞርበት በዚያ ይዞረዋል፣ ከዓይኑ የሚያመልጥ ነገር የለም። ሰሞኑን ለጓድ ይገዙ «እኔም እኮ ችዬዋለሁ፣ ይሄ ምን ጥበብ አለው» ማለቱን ሰምቻለሁ። ከትናንት በስቲያ ጋሪውን ብቻውን አስነሥቶ በሱቄ በር አለፈ፣ እየሳቀ ሰላም አለኝ።

ትናንት የላክሁት ምሳ ሳይነካ ተመለሰ። ዛሬም እንደዚያው። «አታምጪ» ያለኝ ግን የለም። ነገም እወስዳለሁ።

ለእትዬ ሙኒያ ሰላምታ ያቅርቡልኝ። ዓለምነሽ አብራኝ አለች፣ መዝሙሯን ድምፅ ሳታወጣ ትዘምራለች።

ጀዊሪያ


ደሴ፣ ኅዳር 3 ቀን 1970 ዓ.ም.

ጀዊሪያ፣

ደብዳቤሽን ከላይ እስከ ታች አየሁት። ገልብጬም አየሁት። ስለ ሳጥኑ አንዲት ቃል የለችም።

አይጠይቁኝ ብለሽ ነበር። እጠይቃለሁ። ሳጥኑ ደረሰ ወይ? አልደረሰም በይኝ። አልደረሰም ብትዪኝ ለእኔ ዒድ ነው።

ጠዋት በሩ በተንኳኳ ቁጥር የሚያረዱኝ ሰዎች እየመሰሉኝ መጀመሪያ የሙኒያን ፊት ነው የማየው። ትናንት ወተት የምታመጣው ሴት ነበረች። በሩን የከፈተችው ሙኒያ ናት።

ሙሐዲን


ጉለሌ፣ ኅዳር 15 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለጋሼ ሙሐዲን፣

ሳጥኑ ደርሷል።

ትናንት ወዲያ፣ የአረፋ ዕለት፣ ከሰላት በኋላ ደረሰ። አሁን ሰላምታዬን ልጻፍ። እንደምን ሰነበቱ? ለብዙ ቀን በጭንቀት ስላቆየሁዎት ይቅር ይበሉኝ። ያን ጊዜ ምሳው ሳይነካ ሲመለስ፣ ደረሰም አልደረሰም ለማለት እኔም አላውቅም ነበር። ሰው ልኬ መርዶ እንዳላስረዳዎት እርግጠኛ አልሆንኩ። ሁለቱንም አልጻፍኩም።

የጋሪውን ወሬ ላጫውትዎት። ዓምሃ ብቻውን ሽቦ ሊያዛውር ሲል መፍቻው ሁለት ባትሪ ላይ አረፈበት። ፍንዳታው እስከ ሱቄ ተሰማ። ዓምሃ ዓይኑ ተርፏል፣ ፊቱ ግን ተቃጥሎ ሆስፒታል ተኝቷል። ጋሪው ለብዙ ቀን ሸራ ለብሶ ቆመ። በኋላ የቀበሌው የበላይ የሆነው ከፍተኛው አዲስ ባትሪ ሰጥቶ ጋሪውን ለራሱ ሲወስድ «የዚህ ጋሪ ሰው ማነው?» ብሎ ጠየቀ። ግቢው ውስጥ ያሉት ሁሉ አንድ ስም ጠሩ። ከነሰውየው ወሰዱት። አሁን የጋሪው ሰው ጠዋት ሽቦ ሊያዛውር ይሄዳል፣ ማታ ከቤቱ ያድራል። ጓድ ይገዙ በሱቄ በር ሲያልፍ ወደ እኔ አያይም።

ሳጥኑ በመንገድ ተጎድቷል። ጋሪው በፈነዳ ሰሞን ተጠያቂ ሲፈለግ ነው። የቀኝ ጎኑ ተሰብሯል፣ ወጌሻ እንደድሮው አይሆንም ብሏል። ነሐሴ ላይ ስለ ቀኝ እጅ የጻፍኩልዎትን ያስታውሳሉ? አፌ ነው ያሟረተበት እያልኩ ሳለቅስ እሱ ይስቅብኛል። «አንቺ በጨርቅ ነው ያልሽው፣ እነሱ ጨርቁን እንኳ አልሰጡኝም» ይለኛል።

ምስሩ ውስጥ ያለችውንም አሳየሁት። በግራ እጁ አቧራዋን ጠረግ ጠረግ አደረገና ብዙ አገላበጣት። «የወንድሜ ዕቃ ምን ታምራለች» አለ። ከዚያ ራሱ መልሶ ምስሩ ውስጥ ቀበራት።

ለዱጉማ ኮት አሰፍቼለታለሁ። ገበሩ ወፍራም ነው።

ከዚህ በታች ያለው ዶሮ የጫረው ቢመስልም የእኔ አይደለም። ላግዝህ ብለው እምቢ አለኝ፣ ወረቀቱን ብቻ ያዝኩለት።

ጀዊሪያ

ወንድሜ በግራ እጄ ነው። ናቀኝ እንዳትል። ሸፊ